ቢጫው ፕላስተር

"አንገትዎን ቀና ያድርጉ፤ አለበለዚያ ስምዎን አፍንጫዎ ላይ ነው የምጽፈው።"

ሊሳንድሮ ኡማኛ አንገቱን ቀና አደረገ። ኤዲልማ ቻፓሮ ከጥቅሉ ላይ ስንዝር የምታህል ቢጫ ፕላስተር በጥርሷ በጠሰችና ሄልሜቱ ግንባር ላይ ለጠፈችው። ከዚያ በጥቁር እስክሪብቶ ስሙንና የደም ዓይነቱን ጻፈችበት። እጇ አልተንቀጠቀጠም። በሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ፍጥነት ኩርባ ስትገባ የማይንቀጠቀጥ እጅ፣ አንድ ወንድ በቅርብ ስለተነፈሰ ብቻ ሊንቀጠቀጥ ነው እንዴ? ልቧ ግን የእጇን ያህል ጨዋ አልነበረም።

"ኦ ፖዘቲቭ" አለ ሊሳንድሮ፣ ዐይኑን ከዐይኗ ሳይነቅል። "ሳይጠይቁኝ በቃልዎ ይጽፉታል።"

"ዘጠነኛ ጊዜዬ እኮ ነው። የራሴን እንኳ ይሄን ያህል አልጻፍኩትም።"

"አሰለቸሁዎ?"

"እርስዎ ፍሬን መያዙን ይተዉልኝ እንጂ ሌላው ምንም አይደለም" አለችና ቶሎ ወደሚቀጥለው ሞተር ዞረች። ከዚያች ቅጽበት በላይ ብትቆይ ፊቷ እንደሚያሳብቅባት ታውቃለች።

የሎስ ሳውሴስ መም ገና ከጉሙ አልወጣም። ግቢው ውስጥ ሠላሳ የሚሆኑ ጋላቢዎች የቆዳ ልብሳቸውን እያጠለቁ፣ ብርዱን እየተቋቋሙ አጓፓኔላ የሚሉትን ትኩስ የሸንኮራ ውሃ በአይብ ይጠጣሉ። ስፖኪዮው ሁሉ በፕላስተር ተሸፍኗል። እዚህ ቤት ወደ ኋላ ማየት የለም፤ ከኋላ የሚመጣው ራሱ ይጠንቀቅ ነው ሕጉ። ጀማሪው ቢጫ ፕላስተር፣ የበረታው አረንጓዴ ይለጠፍለታል። ቢጫዎቹ የኤዲልማ ናቸው፤ አረንጓዴዎቹ የሌላው አሰልጣኝ የፋቢያን።

የዚያን ቀን ጠዋት ገና ሞተሯን ሳታሞቅ የሞተር ትምህርት ቤቱ ባለቤት ዶን ኤፍራይን አስጠርተዋት ነበር። ሰውየው በወጣትነታቸው ጋልበው ጋልበው አንድ እግራቸውን መሙ ላይ የከፈሉ ናቸው፤ ሲራመዱ ያነክሳሉ፣ ሲናገሩ ግን አያነክሱም።

"ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ዋና አሰልጣኝ እሾማለሁ" አሏት። "ብርቱካናማውን ሰደርያ አንቺ ወይም ፋቢያን ትለብሳላችሁ። ተማሪዎችሽን በሙሉ አሳልፈሻል፤ አንድ ሰው ብቻ ዘጠኝ ወር ሙሉ ቢጫ ውስጥ ቁጭ ብሏል። ማን እንደሆነ ልንገርሽ?"

"አውቀዋለሁ፣ ዶን ኤፍራይን።"

"ዛሬም ካላለፈ፣ ሰው ማስተማር አልቻለችም ነው የምለው። በኔ አትቀየሚ።"

አልተቀየመችም። ሰባት ዓመት የለፋችበት ሰደርያ ነው። በፒዛ አመላላሽነት በዝናብ ስትንከራተት፣ "ሴት ልጅ ምን ቆርጧት ነው ሞተር ላይ የወጣችው!" ሲሏት ጆሮዋን ደፍና የጠበቀችው። ያም ሆኖ፣ እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ኤዲልማ ሊሳንድሮ እንዲያልፍ የምትፈልገው ለሰደርያው ብቻ አልነበረም። የዶን ኤፍራይን ቤት አንድ ሌላ ሕግ አለው። አሰልጣኝ ከራሷ ተማሪ ጋር ከግቢው ውጭ አንዲት ስኒ እንኳ አትጠጣም፤ ከጠጣች ከሥራ ትሰናበታለች። ቢጫው ፕላስተር ከሊሳንድሮ ግንባር በተነሳ ማግስት ግን እሱ የፋቢያን ተማሪ ነው። ያን ጊዜ "ኑ፣ አንድ ነገር እንጠጣ" ቢላት፣ እሺ ለማለት አንድ ትንፋሽ አትፈጅም ነበር። ይህንን ለማንም ተናግራ አታውቅም፤ ለናቷም ጭምር።

ለናቷማ እንዴት ብላ ትናገረው? ኡማኛ ማለት እኮ የጽጌረዳ እርሻው ባለቤቶች ናቸው። ሜዳው ላይ ዐይን እስከሚያይ ድረስ የተዘረጋው የላስቲክ ቤት ሁሉ የነሱ ነው። የኤዲልማ እናት ዶኛ ኤቫንሄሊና እዚያ ቀዝቃዛው ክፍል ውስጥ፣ እግሯ ውሃ ላይ ቆሞ፣ ጽጌረዳ በርዝመት በርዝመቱ ስትለይ ሃያ ሁለት ዓመት ኖራለች። ዛሬ የጣቶቿ አንጓ አብጦ የሹራቧን ቁልፍ መቆለፍ አትችልም።

ሊሳንድሮ ይህንን አያውቅም። በሁለተኛው ወር ላይ አንድ እቅፍ ቀይ ጽጌረዳ ይዞ መጥቶ ነበር። ኤዲልማ የተጠቀለለበትን ወረቀት ስታይ ከየትኛው እርሻ እንደመጣ አወቀች፤ የዘንጉን ርዝመት ስታይ ደግሞ የናቷ እጅ ታያት። ምንም ሳትናገር ለጎሚስታው ለኦቶኒኤል አቀበለችው። "ለሚስትዎ ይውሰዱላት" አለችው። ሊሳንድሮ በጥፊ እንደተመታ ሰው ቆሞ ቀረ። ከዚያ በኋላ አበባ አላመጣም፤ ለምን እንደሆነም አልጠየቀም።

የቢጫዎቹ የመጀመሪያ ፈረቃ ተጀመረ። ኤዲልማ ከሊሳንድሮ ኋላ ኋላ ሆና ሁለት ዙር ተከተለችው። ያው ነው። ቀጥ ያለው ላይ ጥሩ ይነሳል፤ ኩርባ ሲደርስ ግን ያለቦታው ፍሬን ይዞ፣ ሞተሩን ሳያጋድም፣ እንደ ሽማግሌ ቀስ ብሎ ይዞራል። ከመሙ ዳር ካለው ማማ ላይ ዶን ኤፍራይን ራሳቸውን ሲነቀንቁ በሩቁ ታይተዋታል።

አንድ ነገር ግን ሁልጊዜ ይከነክናታል። የፈራ ሰው መሪውን አንቆ ነው የሚይዘው፤ ትከሻው ይደርቃል፣ ዐይኑ ከፊት ጎማው አይርቅም። የዚህ ሰው እጅ ግን ዘና ያለ ነው። ዐይኑ ገና ኩርባው ሳይደርስ መውጫውን አይቶ ይጨርሳል። ሁሉን ነገር በትክክል ይሠራና መጨረሻ ላይ ፍሬኑን ይይዛል። ምን አጉድዬበት ይሆን? ቃሌ አልገባው ይሆን? እያለች ስንት ቀን እንቅልፍ አጥታለች።

ፈረቃው ሲያልቅ እንደ ልማዷ ፕላስተር በጥሳ ምክሯን ጻፈችና ነዳጅ ታንኩ ላይ ለጠፈችለት። ለሁሉም ተማሪ የምታደርገው ነው። "አምስተኛው ኩርባ፦ ባሕር ዛፎቹን እስኪያዩ ድረስ ይታገሡ። ከዚያ ሞተሩን ይመኑት።" ሊሳንድሮ ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ በጥፍሩ ጠርዙን አንስቶ፣ እንዳይቀደድ ተጠንቅቆ ላጠውና መዳፉ ላይ አሳረፈው። ሌሎቹ ተማሪዎች ጨማደው ነው የሚጥሉት። ለምን እንዲህ እንደሚጠነቀቅለት ልትጠይቀው አፏ ላይ ደርሶ መለሰችው።

ምሳ ሰዓት ላይ ኦቶኒኤል ከድንኳኑ ጮኸባት። "አንቺ ልጅ! ያ የዘጠኝ ወር ሰውዬሽ የኋላ ጎማው ምስማር በልቷል። በዘጠኝ ወር እኮ ሰው ይወለዳል፤ ይሄ ገና አልተወለደም!"

"ይወለዳል ዶን ኦቶ፣ ምጥ ላይ ነው" ብላ እየሳቀች ገባች። "መለዋወጫ አለው?"

"እሱ ምሳ እየበላ ነው፤ ከመኪናው ላይ ራሴ አውርጄ አመጣሁት።" ኦቶኒኤል ጎማውን አንከባሎ ፊቷ አቆመው። ከዚያ ሳቁ ከፊቱ ጠፋ። "ግን ልጄ፣ እስቲ ይሄን እዪልኝ። እውነት የሱ ነው? ከፋቢያን ልጆች የአንዱን በስህተት አንስቼ እንዳይሆን።"

ኤዲልማ ተንበረከከች። ጀማሪ የጋለበበት ጎማ መሃሉ ብቻ ነው የሚበላው፤ ዳርና ዳሩ ላይ የፈሪ ጠርዝ የሚሉት አዲስ ጎማ ይቀራል። ይህ ጎማ ግን እስከ መጨረሻው ጠርዝ ተበልቶ፣ ላዩ በሙቀት ቀልጦ ተጠቅልሏል። ጣቷን አሻሸችበት። እንዲህ እስከ ጠርዙ የተበላ ጎማ የምታውቀው በራሷ ሞተር ላይ ነው።

"የኛ ብርድ እንዲህ አያቀልጥም" አለ ኦቶኒኤል ቀስ ብሎ። "ይሄ የቆላ አስፋልት ነው። ሰውየው ሌላ ቦታ ይበራል፣ ልጄ። እዚህ ነው የማይበረው።"

የሊሳንድሮ ሄልሜት ላይ ያለው ቁጥር ጎማው ቸርኬ ላይም ተጽፎ አየች፤ የሱ ነው። ደሟ ፈላ። ዘጠኝ ወር፣ ሰባ ቁራጭ ፕላስተር፣ ያ ሁሉ ሐሳብ! ጎማውን እንደያዘች እያንከባለለች ከድንኳኑ ወጣች። ኦቶኒኤል "ኧረ ቀስ! ኧረ ተረጋጊ!" ቢልም አልሰማችውም።

ሊሳንድሮ ከሞተሩ አጠገብ ቆሞ ጓንቱን እያጠለቀ ነበር። ጎማውን እጇ ላይ ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ።

"ይሄ የማን ነው?"

"የኔ ነው።"

"የት ነው የጋለብክበት?"

"አንተ" እንዳለችው ሁለቱም ሰሙ። በዘጠኝ ወር ውስጥ የመጀመሪያዋ ነበረች።

"ቆላ ወርጄ" አለ። "ወንዙ ዳር ያለው መም። በየሁለት እሁዱ እሄዳለሁ። የምትጽፊልኝን ሁሉ እዚያ እሞክረዋለሁ።"

"እዚህስ?"

"እዚህ... ፍሬን እይዛለሁ።"

"ለምን? በእግዜር፣ ለምን?"

ሊሳንድሮ ጓንቱን መልሶ አወለቀ። የት እንደሚያስቀምጠው ጠፋበት። "ያለፍኩ ዕለት ፕላስተሩን ነቅለሽ ለፋቢያን ታስረክቢኛለሽ። ከዚያ ማን ስሜን ግንባሬ ላይ ይጽፍልኛል? በወር አንድ ቀን ነው የማይሽ። ያችኑ አንድ ቀን እንዳላጣት ብዬ ነው። ይኸው ነው፤ ሌላ ተንኮል የለኝም።"

ቃሉ ልቧን ሊያቀልጠው ነበር። በሌላ ቀን ቢሆን ያቀልጠው ነበር። ዛሬ ግን የማማው ሰዓት ስድስት ተኩል ይላል።

"ላንተ ጨዋታ ነበር" አለች። "ለኔ ግን እንጀራዬ ነው! ዛሬ ዋና አሰልጣኝ ይሾማል። አንተን ማሳለፍ ስላቃተኝ ሰደርያው ለፋቢያን ሊሰጥ ነው። ሰባት ዓመት ሊሳንድሮ! ሰባት ዓመት የለፋሁበት በአንተ ፍሬን ሊቀር ነው!"

ሊሳንድሮ ክው አለ። "አላወቅኩም። በናቴ እምላለሁ አላወቅኩም። አሁኑኑ ዶን ኤፍራይን ጋ ሄጄ ሁሉንም እነግራቸዋለሁ።"

"እስቲ ሞክራት!" ጎማውን ለቀቀችው፤ ተንከባሎ ሞተሩ ላይ ተደገፈ። "አንድ ኡማኛ አፉን ስለከፈተላት ተሾመች እንዲሉኝ? እናቴ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በናንተ ቤት መልካም ፈቃድ ኖራለች። ጫማ ቢሰጧት እግዜር ይስጥልኝ፣ ፈቃድ ቢሰጧት እግዜር ይስጥልኝ። እኔ ለማንም ኡማኛ እግዜር ይስጥልኝ ማለት አልፈልግም።"

"እናትሽ... እኛ ጋ?"

"ቀዝቃዛው ክፍል። ጽጌረዳ ስትለይ ጣቷ አለቀ።"

ዐይኑ ወደ ኦቶኒኤል ድንኳን ሄደ፣ ያኔ አበባው ወደሄደበት። "ለዚህ ነው የሰጠሻቸው" አለ በዝግታ።

"ለዚህ ነው።"

"ንቀሽኝ መስሎኝ ነበር።"

"ብንቅህማ ምን ነበረብኝ!" እንባዋ መጣ፤ በቆዳው እጅጌዋ ጠረገችው። "አሰልጣኝ ከራሷ ተማሪ ጋር አንዲት ስኒ እንኳ መጠጣት እንደማትችል አታውቅም? ያንን ፕላስተር የምነቅልበትን ቀን ነበር እኔ ስጠብቅ የከረምኩት። አንተ እንዳልነቅለው ፍሬን ትይዛለህ፣ እኔ እንድነቅለው ፕላስተር እጽፋለሁ። ወይ እኔ ሞኟ!"

ከዚያ በላይ መቆም አልቻለችም። ጥላው ሄደች፤ ይህን ሁሉ በመናገሯ እየተቃጠለች፣ ሳትናገረው ቀርታ ቢሆን ደግሞ እንዴት ትችለው እንደነበር እያሰበች።

የመጨረሻው የቢጫዎች ፈረቃ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነበር። ጉሙ ተገፎ ተራራው በሙሉ ወጥቷል። ኤዲልማ ሞተሯን ይዛ ከሊሳንድሮ ፊት ቆመች። አላናገረችውም፤ አላየችውምም። ግራ እጇን ወደ ኋላ ልካ የኮርቻዋን ጅራት ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረገች። ተከተለኝ ማለት ነው። በዚህ ሙያ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃታል።

ባንዲራው ሲወርድ ወጣች። የመጀመሪያዋን ኩርባ እንደ ሌላው ጊዜ ለተማሪ አልቀነሰችለትም፤ የራሷን ያህል ገባችበት። ጉልበቷ አስፋልቱን ጫር አድርጎ አለፈ። እሷ ስትጋልብ ማየት ዕድል ነው፤ የፋቢያን ልጆች ሳይቀሩ አሬፓቸውን፣ የበቆሎ ቂጣቸውን፣ እንደያዙ አጥር ላይ ተንጠለጠሉ። ስትገባ ለስላሳ፣ ስትወጣ ቆራጥ። ፍሬን የያዘችበት ቦታ አይታወቅም፤ ነዳጅ የሰጠችበት ቦታም አይታወቅም። ሁለቱ የሚገናኙበት ስፌት የለውም።

ከኋላዋ መኖር አለመኖሩን ግን አላወቀችም። ስፖኪዮው በፕላስተር ተሸፍኗል። የሞተሩን ድምፅ ብቻ ነው የምትሰማው፤ እሱንም ነፋሱ አንዴ ያመጣዋል፣ አንዴ ይወስደዋል። ሁለተኛው ኩርባ፣ ሦስተኛው። አሁንስ ፍሬን ያዘ? አራተኛው። ፍሬን ይዞ እንደሆነ ሰደርያውም ሄደ፣ እሱም ሄደ። ዘወር ብላ ማየት አማራት፤ ማየት ግን እዚህ ቤት ነውር ነው፤ መውደቅም ነው። ዐይኗን ወደ ፊት አድርጋ ወደ ባሕር ዛፎቹ ወረደች።

አምስተኛውን ስትወጣ ድምፁ እዚያው ጆሮዋ ሥር ነበር። አልራቀም።

ያኔ ቀጥ ያለው መንገድ ላይ ወደ ጎን ጠጋ ብላ እጇን ወደ ፊት አወናጨፈች፤ እለፍ! ሊሳንድሮ አለፋት። አሁን እሷ ናት ተከታይ።

ያየችው ነገር ትንፋሿን ያዘው። በመጀመሪያው ኩርባ ላይ በሁለተኛው ወር የጻፈችለትን ሠራ፦ ትከሻዎን ቀድመው ይላኩ። በሦስተኛው ላይ የሚያዝያውን፦ ነዳጁን አይስጡ፣ ያፍስሱ። ያቺ "እግርዎን ያሳርፉ፣ እጅዎን ያስተኙ" ያለችው፣ ያቺ ጉንፋን ይዟት በተንጋደደ እጅ የጻፈቻት፣ ሁሏም እዚያ ነበረች። አንዲት ቃል አልጣለም። ሰባ ቁራጭ ፕላስተር ከፊቷ እየጋለበ ነበር። አምስተኛው ላይ ሲደርስ ታገሠ፣ ታገሠ፣ ባሕር ዛፎቹ እስኪታዩ ታገሠ፤ ከዚያ አመነው። ሞተሩ ተጋድሞ ክርኑ መሬቱን ሊነካ አንድ ጣት ቀረው።

"ጎበዝ!" ብላ ጮኸች ሄልሜቷ ውስጥ፣ ማንም በማይሰማበት። "ጎበዝ የኔ ጌታ!" መስታወቷ ከውስጥ በትንፋሽ ጉም ለበሰ። አልቅሳ እንደነበር ያወቀችው ወደ ግቢው ስትመለስ፣ ጉንጯ ሲቀዘቅዛት ነው።

አሥር ተኩል ላይ በማማው ሥር ባለው ጠረጴዛ የግምገማውን ወረቀት አወጣች። "ሊሳንድሮ ኡማኛ፦ አልፏል" ብላ ጻፈች። ፈርማ ብታስረክበው ይበቃል። ሰደርያው የሷ ነው፤ ጎማውን ያየ ኦቶኒኤል ብቻ ነው፣ እሱ ደግሞ ምላሱን ነክሶ የሚያድር ሰው ነው። እስክሪብቶውን እንደያዘች ቆየች። እናቷ በዚያ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ አንድ አጭር ዘንግ ከረጅሞቹ ጋር ደባልቃ አታውቅም ነበር፤ ማንም ባያያትም። ኤዲልማ ከሥሩ እንዲህ ብላ ጨመረች፦ "ይህ ተማሪ ከብዙ ወራት በፊት ለማለፍ በቅቶ ነበር። ችሎታውን ይደብቅ ነበር። እኔ አሰልጣኙ ሳላይ ቀረሁ። ጥፋቱ የኔ ነው።" ፈረመችና ይዛ ወጣች።

ዶን ኤፍራይን መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አነበቡት። እንደገና አነበቡት።

"ይሄን ባትጽፊው ማን ያውቅ ነበር?"

"እኔ።"

"ሌላስ?"

"ጎማው።"

ሽማግሌው ሳቃቸው አመለጣቸው። ከዚያ ኮስተር አሉ። "አምስተኛው ላይ ሲገባ ከዚህ ሆኜ አየሁት። ይሄ ዛሬ የተማረ ሰው አይደለም አልኩ። ዝም ብዬ ወረቀትሽን ጠበቅኩ። ሳታውቂው ቀርተሽ ቢሆን ሰደርያው ለፋቢያን ነበር። አውቀሽ ደብቀሽኝ ቢሆን ደግሞ ቢጫዎቹንም እነጥቅሽ ነበር፤ የሰው ነፍስ ነው የምናስይዝሽ።" ከወንበራቸው ጀርባ ብርቱካናማውን ሰደርያ አንስተው ወረወሩላት። "ይሰፋሻል፤ ታስጠብቢዋለሽ። ከዛሬ ጀምሮ የማንም ጎማ ሳታዪ ወረቀት እንዳትፈርሚ።"

ሰደርያውን ደረቷ ላይ አቅፋ ደረጃውን ስትወርድ እግሯ መሬት መርገጡን አታውቅም ነበር። ኦቶኒኤል ከድንኳኑ ሆኖ እልል አለ፤ ወንድ ልጅ እልል ይላል እንዴ ቢሉት የሱ መልስ ሌላ እልልታ ነበር።

ሊሳንድሮ ሞተሩ አጠገብ ቆሞ ይጠብቃል። ሄልሜቱን አላወለቀም። ፕላስተሩን የሚያነሳው አሰልጣኙ ነው፤ ልማዱ እንዲያ ነው። ሰደርያውን አይቶ ዐይኑ ፈካ፤ ለመናገር ግን አልደፈረም።

ኤዲልማ ቀረበችና በጥፍሯ ቢጫውን ጠርዝ አነሳች፤ ስሙንና ደሙን እንደያዘ በአንድ ጊዜ ላጠችው።

"አለፍክ" አለችው።

"ይቅር በይኝ።"

"አምስተኛውን እንዴት እንደገባህ አይቻለሁ። ስለሱ ይቅር ብዬሃለሁ። ስለ ዘጠኙ ወር ገና ነው።"

"አንድ ነገር ላሳይሽ።" ቁልፉን አዙሮ የሞተሩን ኮርቻ አነሳው። የኮርቻው ሆድ በሙሉ በፕላስተር ቁራጭ ተሸፍኗል፣ በየቀኑ በየቀኑ ተደርድሮ፤ ከሥሩ በሱ እጅ ወሩና ቀኑ ተጽፎበታል። የዛሬዋም መጨረሻ ላይ አለች። "ሰው ደብዳቤ ሲደርሰው እንዲህ ነው የሚያስቀምጠው" አለ። "እኔ ከዚህ በፊት ከማንም ደርሶኝ አያውቅም።"

ኤዲልማ የራሷን ጽሑፍ አንድ በአንድ አነበበች። ይታገሡ። ይመኑት። አይፍሩ፣ እዚሁ ነኝ። ለሁሉም ተማሪ የምጽፈው ነው ስትል የኖረችው ውሸት ኖሯል፤ እንዲህ ብላ ለማን ጽፋ ታውቃለች? ዐይኗ እንባ ሞላ። ከኪሷ ጥቅሉን አወጣች፣ በጥርሷ በጠሰች፣ ነዳጅ ታንኩ ላይ ተደግፋ ጻፈችና ለጠፈችለት።

ሊሳንድሮ ጎንበስ ብሎ አነበበ። "እሁድ፣ ጋቻንሲፓ፣ ምሳ እናቴ ቤት። አበባ እንዳታመጣ።"

ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ ቀና አለ። "ምን ላምጣ ታዲያ?"

"እጅህን" አለችው። "የሷ ጣቶች አይታዘዙም። ከምሳ በኋላ ሳህኑን አንተ ነህ የምታጥበው።"

ኡማኛው የአበባ ጌታ ልጅ መዳፎቹን ዘርግቶ አያቸው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ለአንድ ነገር የሚጠቅሙ ይመስል። "አጥባለሁ" አለ። "ዕድሜ ልኬን አጥባለሁ።" ኤዲልማም ሰደርያዋን በአንድ እጇ፣ የተላጠውን ቢጫ ፕላስተር በሌላው እጇ ይዛ፣ እየሳቀችና እያለቀሰች አብራው ቆመች።